የቆዳችን ወዝና የሰውነታችን ዘብ

ስለ ሰውነት በሽታ መከላከያ የያዝነውን የባዮሎጂ ማስታወሻ ገልጠን ብናይ «አንቲጅን ማለት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን የሆነ ባዕድ ነገር ነው» የሚል እናገኛለን። አባባሉ ስሕተት የለበትም። «አብዛኛውን ጊዜ» የምትለዋን ግን ሁላችንም ዘለን እናልፋታለን፤ ለፈተናም አትመጣ። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው በዚያች አባባል ሥር ተደብቆ የቆየውን ነገር ነው። ይኸውም ቅባት ነው። ሰውነታችን ፕሮቲንን ብቻ ሳይሆን ቅባትንም፣ ያውም የገዛ ቆዳችንን ወዝ ሳይቀር፣ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አለው። ነገሩ ለእኛ ለነገዎቹ መምህራን ከማወቅ ያለፈ ጉዳይ ስላለው ጽሑፉ ረዘም ብሏል፤ በሁለት ወረቀት የለጠፍነውም ለዚሁ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቆዳ ስናስብ ብዙዎቻችን የሚታየን መሸፈኛ ብቻ ነው፤ እህል እንደሚቋጠርበት ጆንያ ያለ። ነገር ግን የላይኛው የቆዳችን ክፍል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጆንያ ይልቅ በጭቃ የተመረገ የድንጋይ ካብ ይመስላል። ድንጋዮቹ የሞቱና ጠፍጣፋ የሆኑ ሕዋሳት ናቸው። በመካከላቸው ገብቶ የሚያያይዛቸው «ጭቃ» ደግሞ ቅባት ነው፤ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የሚባሉት ተደባልቀው። ውሃ ከሰውነታችን ተንኖ እንዳያልቅ፣ ከውጭም ጀርም እንደልቡ እንዳይገባ የሚያግደው ይኸው ምርጊት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በጸጉር ሥር ካሉ ትናንሽ ዕጢዎች እየመነጨ ወደ ውጭ የሚወጣ ሌላ ቅባት አለ። ይኸ ሁላችንም የምናውቀው ወዝ ነው። በግንባር፣ በአፍንጫና በራስ ቅል ላይ ይበዛል። በውስጡም ትራይግሊሰራይድ (እንደ ቅቤና ዘይት ያለው ተራ ስብ ማለት ነው)፣ ሰም መሰል ቅባቶችና ስኳሊን የሚባል ዘይት ይገኛሉ። ስኳሊን ስሙን ያገኘው ሻርክ ከሚባለው ዓሣ ነው፤ መጀመሪያ የታወቀው ከዚያ ዓሣ ጉበት በወጣ ዘይት ውስጥ ስለሆነ። በሰው ወዝ ውስጥም በብዛት አለ። ለማመን ያቃተው ሰው ፊቱን ሳይታጠብ አንድ ስስ ወረቀት ግንባሩ ላይ ይጫንና ወረቀቱን ወደ መስኮት ይያዘው። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ያያል። ለአራተኛ ክፍል የቅባት ምርመራ ትምህርት ወጪ የሌለው መርጃ መሣሪያ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዘበኛው እንሂድ። በ1868 በበርሊን ከተማ ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል የሕክምና ተማሪ የሰው ቆዳ በስሱ ቆርጦ በወርቅ ክሎራይድ አቀለመ። ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ከእኛ ዕድሜ እምብዛም አይበልጥም። ፍላጎቱ የቆዳ ነርቮችን ማየት ነበር። በማይክሮስኮፑ ውስጥ ያየው ግን በላይኛው ቆዳ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጡ ጥቁር ሕዋሳት ነው። እርሱም የነርቭ ወገን ናቸው ብሎ ደመደመ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በጣፊያ አቅራቢያ ባለው በፓንክሪያስ ውስጥ፣ ዛሬ በስኳር በሽታ ትምህርት «የላንገርሃንስ ደሴቶች» የምንላቸውን አገኘ። ስሙ በሁለት ምዕራፍ ውስጥ የሚጠራው አንድ ሰው መሆኑን ከእኛ መካከል ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? ታዲያ የቆዳዎቹ ሕዋሳት ነርቭ አልነበሩም። እውነተኛ ሥራቸው የታወቀው መቶ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ዘበኞች ናቸው። ቅርንጫፎቻቸውን በካቡ ድንጋዮች መካከል እየዘረጉ ያገኙትን ነገር ይለቅማሉ፤ ከዚያም አንዳንዶቹ ቦታቸውን ለቀው በብብትና በብሽሽት ወዳሉት፣ ንፍፊት ሲወጣ ወደሚያብጡት የሊምፍ ዕጢዎች ይወርዳሉ። እዚያም ያገኙትን ለቲ ሕዋሳት ያሳያሉ።

«ያሳያሉ» ስንል እንዲያው ለማሳመር አይደለም። ቲ ሕዋስ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ጀርምን በቀጥታ አያውቅም። ሌላ ሕዋስ ይዞ፣ አስቀምጦ ሊያሳየው ይገባል። ይህንን በ1974 በአውስትራሊያ ካንቤራ ያስረዱት ሮልፍ ሲንከርናግልና ፒተር ዶኸርቲ ናቸው፤ በ1996 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው። በኋላ ዝርዝሩ ሲጠና እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦ ሕዋሱ የጀርሙን ፕሮቲን ይከትፈዋል። ቁራጯን በራሱ ላይ በበቀለ ትሪ መሰል ፕሮቲን ላይ አድርጎ ያቀርባል። ቲ ሕዋሱ ትሪውንና ቁራጯን ባንድ ላይ ይዳስሳል። ትሪው ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር ሰውነት አልቀበልም የሚልበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

እስከዚህ ድረስ በማስታወሻችን ውስጥ አለ። እንግዲህ ጥያቄው፦ ቅባት ቢሆንስ? ቅባት እንደ ፕሮቲን ተከትፎ ትሪ ላይ አይቀመጥም፤ ከውሃ ጋር አይስማማምና ከሕዋስ ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ራቁቱን መቆም አይችልም። ብዙ ጊዜ መምህራኑም ተማሪዎቹም «እንግዲያው ቅባት ለቲ ሕዋስ አይታይም» ብለው አለፉት።

መልሱ የመጣው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው። በ1979 በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በታይመስ ዕጢ ሕዋሳት ላይ አንድ ፕሮቲን አገኙ። በኋላ በዓለም አቀፍ መዝገብ ሲዲ1 ተባለ። ስሙ የመዝገብ ተራ ቁጥር ነው እንጂ ትርጉም የለውም፤ ለመሸምደድ አትጨነቁ። ቅርጹ ከላይ የጠቀስነውን ትሪ ይመስላል፤ ሥራው ግን ምን እንደሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልታወቀም። ወንድማማቾቹም አምስት ናቸው፤ ከኤ እስከ ኢ ያሉት። ከእነዚህ አንዱ፣ ሲዲ1ኤ፣ በላንገርሃንስ ሕዋሳት ላይ በብዛት ተሰልፎ ይገኛል። እንዲያውም ባለሙያዎች ያንን ሕዋስ ከሌላው ለመለየት የሚጠቀሙበት ምልክት ይኸው ነው።

በ1994 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የተሠራው ሙከራ ለሳይንሳዊ ዘዴ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ስለሚሆን ጠጋ ብለን እንየው። ተመራማሪዎቹ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን የሚያውቅ፣ ለማወቅ ግን ሲዲ1ቢ የሚባለውን የሚጠይቅ ቲ ሕዋስ በእጃቸው ነበር። ምኑን ነው የሚያውቀው? በመጀመሪያ የባክቴሪያውን ጭማቂ ፕሮቲን በሚፈጭ ኤንዛይም አጠቡት። ፕሮቲን ቢሆን ኖሮ ቲ ሕዋሱ ዝም ማለት ነበረበት። ዝም አላለም። ቀጥሎ ቅባትን በሚያሟሙ ፈሳሾች ለዩት፤ ቲ ሕዋሱን የሚቀሰቅሰው ነገር ከቅባቱ ጋር ሄደ። በመጨረሻ ተጣርቶ ሲወጣ ማይኮሊክ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግድግዳውን የሚለስንበት ሰም ነው። ጤና ጣቢያ አክታ ሲመረመር ባክቴሪያው ቀይ ቀለሙን በአሲድ ታጥቦ እንኳ የማይለቀው በዚሁ ሰም የተነሳ ነው። በክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወልን የቢሲጂ ክትባት ባክቴሪያም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ግድግዳው ያው ሰም ነው። በዚያ ዓመት «ቲ ሕዋስ ቅባትን ያውቃል» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በማስረጃ ተነገረ።

ሲዲ1 ቅባትን የሚይዘው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ከክፍላችን ክርክር የወጣ አንድ ምሳሌ እንጠቀም። ፕሮቲን የሚቀርበው በትሪ ነው ብለናል። ሲዲ1 ግን ድስት ነው። ጎድጓዳ፣ ውስጡ ውሃ የሚፈራ ጓዳ አለው። ቅባት አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ጅራትና ውሃ የሚወድ ትንሽ ራስ አለው። ጅራቱ ወደ ድስቱ ውስጥ ይገባል፤ ራሱ በአፉ በኩል ብቅ ይላል። ሲዲ1ቢ ትልቅ ድስት ነው፤ ረጃጅሞቹን የባክቴሪያ ሰሞች የሚያጠፍፈው ለዚህ ነው። ሲዲ1ኤ ከእርሱ አነስ ይላል። የድስቶቹ ቅርጽ ደግሞ ከሰው ሰው እንደ ትሪው አይለያይም። የእኔም የእናንተም፣ የበርሊኑም የደብረ ብርሃኑም ሰው ድስት አንድ ነው ማለት ይቻላል። ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት የሚሠራ ክትባት ወይም መድኃኒት ለማግኘት የሚሹ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ሲዲ1 ላይ የጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ እንጨምር። የሕክምና ምርምር በአብዛኛው የሚጀመረው በላቦራቶሪ አይጥ ነው አይደል? አይጥ ግን ሲዲ1ኤ የላትም፤ ቢ እና ሲም የሏትም፤ ያላት ዲ ብቻ ነው። ስለዚህ አይጥን ብቻ ሲመረምር የኖረ ሰው ይህን ሁሉ ነገር ሊያየው አይችልም ነበር። ነገሩ የዘገየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በኋላ የሰውን ሲዲ1ኤ ጂን የያዙ አይጦች ተራብተው ጥናቱ ቀና።

ስለ ሥጋ ደዌ ሳናነሳ ብናልፍ ለአገራችን አንባቢ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። ሥጋ ደዌን የሚያመጣው ባክቴሪያ በ1873 በኖርዌይ በርገን በጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን የተገኘ ሲሆን የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ግድግዳውም እንደዚያው ሰም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1965 የተቋቋመው አለርትና በአጠገቡ በ1970 የተመሠረተው፣ በዚሁ በሐንሰን ስም የሚጠራው የምርምር ተቋም በዚህ በሽታ ላይ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ሥጋ ደዌ ለባለሙያዎች እንቆቅልሽ የሆነበት ምክንያት በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት መልክ ስለሌለው ነው። በአንዱ ሰው ላይ ጥቂት ቋቁቻ መሰል ነጠብጣብ ይወጣል፤ በውስጡ ባክቴሪያው ቢፈለግ በጭንቅ ነው የሚገኘው። በሌላው ላይ ደግሞ ሰውነት መከላከል ያቅተውና ባክቴሪያው በቆዳው ውስጥ ይረባል። በዚህኛው ሰው ቆዳ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታዩት በቅባት የተሞሉ፣ አረፋ የመሰሉ ሕዋሳት በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርሾ ስም ይጠራሉ። ላንገርሃንስ በርሊን ሲማር ከአስተማሪዎቹ አንዱ እኒሁ ፊርሾ ነበሩ። በ1995 ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ቆዳ የተወሰዱ ቲ ሕዋሳት የባክቴሪያውን ቅባትና ስኳር ድብልቅ በሲዲ1ቢ አማካይነት እንደሚያውቁ ታየ። በ1999 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሲዲ1 የያዙ ዘበኛ ሕዋሳት የመጀመሪያው ዓይነት ሕመምተኛ ቆዳ ውስጥ በዝተው፣ የሁለተኛው ዓይነት ቆዳ ውስጥ ግን አንሰው ተገኙ። ይህ ብቻውን ምክንያቱንና ውጤቱን ለይቶ አያሳይም። ቢሆንም ሰውነት ይህን በሽታ ሲያሸንፍ ቅባት የማወቅ ችሎታው አብሮ እንደሚታይ ያመለክታል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እንያዝ። ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ ከአያት የሚወረስም አይደለም። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው ቢያገኘው እንኳ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። በተማሪ ቆዳ ላይ ከሌላው ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ በጥጥ ጫፍ ሲነካ የማይሰማው ነጠብጣብ ያየ መምህር ልጁን በሰው ፊት ሳያሸማቅቅ ለወላጅ ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል። መድኃኒት የጀመረ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም። በጊዜ ከተያዘ ጣት አይቆረጥም፤ ዓይን አይጠፋም።

ወደ ወዛችን እንመለስ። የባክቴሪያ ሰም መታወቁ እሺ፤ ባዕድ ነገር ነው። ግን የገዛ ቆዳችን ቅባትስ? በ2010 የወጣ ጥናት ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። ምንም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ፣ ጀርም ሳይኖር፣ ሲዲ1ኤ የያዘ ሕዋስ ሲቀርባቸው ብቻ የሚነቁ ቲ ሕዋሳት ተገኙ። ጥቂትም አይደሉም። ብዙዎቹ ወደ ቆዳ የሚሄዱ ሲሆኑ ኢንተርሉኪን 22 የሚባል መልእክተኛ ያመነጫሉ። ይህ መልእክተኛ የቆዳ ሕዋሳት እንዲባዙና ጀርም ገዳይ ፕሮቲኖች እንዲያወጡ የሚያዝ ነው። በ2014 ደግሞ እነዚህን ቲ ሕዋሳት የሚቀሰቅሳቸው በሲዲ1ኤ ውስጥ ያለው የትኛው ቅባት እንደሆነ ተለየ። ስኳሊን፣ ሰም መሰሎቹ ቅባቶችና ትራይግሊሰራይድ ሆነው ተገኙ። በአጭሩ ወዛችን!

ይሄ ከላይ ካልነው ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ቲ ሕዋስ የቅባቱን ብቅ ያለ ራስ ይዳስሳል ብለን ነበር፤ ስኳሊን ግን ራስ የለውም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘይት ነው። ታዲያ ቲ ሕዋሱ ምኑን ይነካል? በ2015 የታተመው የቅርጽ ጥናት መልሱን ሰጠ። ድስት ላይ ክዳን ልንገጥም ስንል ማማሰያ ውስጡ ከቀረ ምን ይሆናል? ክዳኑ አይገጥምም። ማማሰያው ወጥቶ የቀለጠ ቅቤ ብቻ ከቀረ ክዳኑ ገጥ ይላል። እዚህ ቲ ሕዋሱ ክዳኑ ነው። የሚነካውም ቅባቱን ሳይሆን የድስቱን ከንፈር፣ ማለት ሲዲ1ኤን ራሱን ነው። ራስ ያላቸው እንደ ስፊንጎማየሊን ያሉ ቅባቶች ማማሰያ ናቸው፤ ብቅ ብለው ክዳኑን ይከለክላሉ። ወዝ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ሰምጦ ከንፈሩን ባዶ ይተዋል። ያን ጊዜ ክዳኑ ይገጥማል፤ ቲ ሕዋሱም ይነቃል። ምሳሌያችን አንድ ጉድለት አለበት፤ ወጥ ቤት ውስጥ ክዳን ሲገጥም ሰላም ነው፣ ቆዳ ውስጥ ግን ክዳን ሲገጥም ጡሩንባ ይነፋል። ይህንን ለተማሪ ስንነግር ለይተን መንገር አለብን። ደግሞም ሁሉም ነገር በክዳን ብቻ አይደለም፤ የባክቴሪያ ሰምን የሚያውቁት ቲ ሕዋሳት የሰሙን ራስ ራሱን የሚነኩ ናቸው። ሁለቱም መንገድ አለ።

እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ ለምን አንቆጣም? ለምንስ ወዝ ባለበት ሁሉ ቆዳችን አያብጥም? ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ማብራሪያ ለእኛ አሳማኝ ሆኖ አግኝተነዋል። ወዝ የሚኖረው ከላይ፣ ከሞተው ካብ ውጭ ነው። የላንገርሃንስ ሕዋሳት ያሉት ከካቡ በታች ነው። ካቡ ደኅና እስከሆነ ድረስ ሁለቱ አይገናኙም። ቆዳ ሲላጥ፣ ሲሰነጠቅ፣ ሲጫር ግን ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘበኛውም በድስቱ ይይዘዋል። እንግዲህ ወዝ ባዕድ ስለሆነ ሳይሆን ከቦታው ውጭ ስለተገኘ ነው ጡሩንባው የሚነፋው። ጣሪያ ላይ የነበረ ውሃ ወለል ላይ ሲታይ ቤቱ ማፍሰሱ እንደሚታወቅ ማለት ነው። በጤናማ ሰው ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ቆዳው ቶሎ ይጠገናል።

የንብ ነገር ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያስገረመን ነው። ንብ የነደፈው ሰው ለምን ያብጣል ቢባል «መርዟ ነው» ብለን እንጨርሳለን። በመርዟ ውስጥ ፎስፎላይፔዝ የሚባል ኤንዛይም አለ። በ2015 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ኤንዛይም የሰውየውን የራሱን የሕዋስ ሽፋን ቅባት ይቆርጠዋል። ትልቅ ራስ ያለው ቅባት ሲቆረጥ ፋቲ አሲድና ሌላ ትንሽ ቅባት ይሆናል። ማማሰያው ተሰበረ ማለት ነው! ቁራጮቹ ወደ ሲዲ1ኤ ድስት ገብተው ቲ ሕዋስ ይቀሰቅሳሉ። ንቧ ቅባት አላመጣችም፤ ያመጣችው መቀስ ነው። ተመሳሳይ መቀስ በአልጋና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ በሚኖሩት፣ በዓይን በማይታዩት ጥቃቅን ተባዮች ዘንድም አለ። በሶርያሲስ ሕመምተኞች ቆዳ ውስጥ ደግሞ የሰውነት የራሱ ሕዋሳት ይህን መቀስ እንደሚያወጡ ተገኝቷል።

ይህም ወደ ችፌ ያመጣናል። በማስተማር ልምምድ በሄድንበት አንድ ትምህርት ቤት (ስሙን አንጠራም) የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ክርንና ጉልበቷ ላይ በወጣ ችፌ ምክንያት ለብቻዋ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። የክፍሏ መምህር ሁለት ጊዜ «ታጥበሽ ነይ» ብለው ወደ ቤት ልከዋታል። እናቷ በልብስ ሳሙና ታሻት ጀመር፤ ቆዳዋም ባሰበት። መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለሌሎቹ ልጆች አስበው ነው። እኛ ግን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳነው ከዚያች ልጅ በኋላ መሆኑን አንደብቅም። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከቆሻሻም የመጣ አይደለም። የካቡ ምርጊት የሳሳ ሰው ነው ችፌ የሚይዘው፤ ሳሙና በበዛ ቁጥር ደግሞ ምርጊቱ ይታጠባል። የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ለስለስ ያለ ሳሙና በጥቂቱ፣ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት፣ ቁስሉ ከመገለ ወይም ከባሰ ደግሞ ጤና ጣቢያ።

የምርጊቱ መሳሳት ምክንያት በከፊል ታውቋል። ፊላግሪን የሚባል የቆዳ ፕሮቲን አለ። በ2006 እንደተደረሰበት በብዙ አውሮፓውያን የችፌ ሕመምተኞች ዘንድ የዚህ ፕሮቲን ጂን የተበላሸ ነው። በ2016 በወጣ ጥናት ደግሞ ፊላግሪን ካቡን ከማጠንከሩ ሌላ ከላይ ያልነውን መቀስ፣ ፎስፎላይፔዝን፣ እንደሚያግድ ታየ። ፊላግሪን ሲጎድል ካቡም ይሳሳል፣ መቀሱም ይፈታል። ይህን ሰምቶ «በቃ የችፌ ምክንያት ተገኘ» የሚል እንዳይኖር፣ በ2011 የታተመ በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እነዚያን በአውሮፓ የታወቁትን የጂን ብልሽቶች አላገኘም፤ ያገኘው አንድ አዲስ ብልሽት ብቻ ነው። የአውሮፓው ምክንያት በቀጥታ ለእኛ አይሠራም ማለት ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ ሰሌዳ ላይ ለምንገለብጥ ሰዎች ይህ ጥናት ጥሩ ማሳሰቢያ ነው።

ስለ ሽቶና ቅባቶች ባጭሩ እንበልና እናብቃ። በ2020 በወጣ ጥናት፣ በመዋቢያ ቅባቶችና ሽቶዎች ውስጥ የሚገኙ ፋርኔሶልን የመሰሉ ትናንሽ ዘይታማ ነገሮች ሲዲ1ኤ ድስት ውስጥ ሰምጠው ቲ ሕዋስን ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉ ታይቷል። አንዳንድ ሰው አዲስ የፊት ቅባት በተቀባ በሁለት በሦስት ቀኑ ፊቱ የሚቆጣው አንዱ መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። ከእነዚያ ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ ቤንዚል ቤንዞኤት ነው፤ ይህ ደግሞ ለእከክ የሚሰጠው ፈሳሽ መድኃኒት ነው። ከዚህ ተነስቶ ማንም የታዘዘለትን የእከክ መድኃኒት እንዳይተው! እከክን የሚገድል መድኃኒት ነው፤ የሚቆጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ከተቆጣም ለሐኪሙ ይንገር። በሰሜን አሜሪካ ሰዎችን ክፉኛ የሚያሳክክ አንድ የሐረግ ዓይነት አለ፤ ቅባቱ ዩሩሺኦል ይባላል። በ2016 ይኸው ቅባት በሲዲ1ኤ በኩል ቲ ሕዋሳትን እንደሚቀሰቅስ ተገልጿል። ሐረጉ እኛ ዘንድ የለም። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ማንጎ ግን አለ፤ በልጣጩ ውስጥም የዩሩሺኦል ዘመድ የሆኑ ቅባቶች አሉ። ማንጎ በልቶ ከንፈሩ ዙሪያ የሚያሳክከው ተማሪ ካለ ልጣጩን በጥርሱ ከመግፈፍ ይልቅ በቢላ ልጦ እንዲበላ መምከር ነው።

የድስቱን ሞዴል ሠርተነዋል። ከሸክላ ትንሽ ድስት፣ ከክዳንና ከማማሰያ በቀር ምንም አልፈጀም፤ ቅቤ ውድ ስለሆነ በምትኩ የቀለጠ ሻማ አፍስሰንበታል። ማማሰያው ጫፉ ላይ ያለችው ቀይ እብጠት የቅባቱ ራስ ነች። ሞዴሉ ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ለልምምድ ትምህርት መውሰድ የሚፈልግ ሰልጣኝ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ይውሰድ። ክዳኑ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በሙጫ የተያያዘ ነውና ሲገጥሙት በቀስታ።